የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር

የካቲት 5፣ 2017፣ ረቡዕ

አዲስ ደብተር ገዛሁ፣ አሮጌው ሳያልቅ። ደብተር በቀየርኩ ቁጥር እኔም የምቀየር ይመስለኛል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ መለሱልኝ። "ጥሩ ጽፈሻል የኔነሽ። ግን ጅማ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው የስፔኑ ሲንዲካሊስት ፓርቲ ምን ያደርግለታል?" አሉኝ። ሰዓት ጠጋኝ የነበረ አንድ ሰው ትልቁን የሠራተኞች ማኅበር ሲመራ ቆይቶ ከጓዶቹ ተጣልቶ ወጣና የራሱን የሠራተኞች ፓርቲ፣ ሲንዲካሊስቱን፣ መሠረተ። በፈረንጆች 1936 በተደረገው ምርጫ ያገኙት ሁለት ወንበር ብቻ ነው። የቀድሞ ጓዶቹ ከሃዲ አሉት፣ ቀኞቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያልቅ ፓርቲውም አለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ፓርቲ ጋር ለምን እንደምኖር ለሰው ማስረዳት አልችልም። ትንሽ የሆነ ነገር ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሲረሳ ያናድደኛል።

መፍትሔውን እሳቸው አመጡት። አንድ የንጽጽር ምዕራፍ ልጨምር፣ እዚሁ ያሉ ሠራተኞችን ላናግር። "የመረጃ ሰጪዎችን ዝርዝር ደግሞ እንዳትረሺ። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገራችሁበት ቀንና ቦታ። ያለ ዝርዝር የቀረበ የቃል መረጃ ወሬ ነው።"

ሠራተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። አከራዬ አዴ ዙቤይዳ ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ቡና ለቅመዋል፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ግቢያችን በሴት ሞልቶ ዋለ። በሰፈራችን፣ መንደራ ቆጪ ውስጥ፣ እሑድ ሴቶች ቢሰበሰቡ ዕድር ነው ይባላል እንጂ የሚጠይቅ የለም። ከአዴ ዙቤይዳ ጋር አሥር ለቃሚዎች ሆኑ። አሥር የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት ሕጉ ቢያንስ አሥር ሰው ይላል፤ ከሰማንያ ለቃሚ መሐል የሚተማመኑ አሥር ሴቶች ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

የሚጠይቁት ብዙ አይደለም። ከመጋዘን ሲወጡ ቡና ደብቀው እንደሆነ የሚፈትሻቸው ወንድ ዘበኛ ነው። ሴት ትፈትሸን ነው የሚሉት። የሽንት ቤቱ በርም ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን። ሌላ የለም።

ከሊሙ ገነት የመጣችው አፊፋ፣ የሃያ ዓመቷ፣ "ቲቸር፣ ሰውዬው እኮ ቼክ የሚያደርገው ኪስ ብቻ አይደለም" ብላ አቀረቀረች። እኔም የዚያን ጊዜ አልጻፍኩትም።

ማኅበሩን ለማስመዝገብ ማመልከቻውን ከዒድ በኋላ ያስገባሉ። ስማቸው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በሚሄዱበት ዕለት ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት አለቃቸው ካቦው ከሰማ አለቀላቸው። እስከዚያ መተማመኛቸው ፋቲሓ ነው። መዳፋቸውን ዘርግተው በቃል አነበቡ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ ተስማሙ ማለት ነው። ወረቀት የያዝኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። "ለትምህርቴ ነው፣ ከአማካሪዬ በቀር ማንም አያየውም" አልኳቸው። ማይልን አሉኝ፣ ማልኩ። ከዚያ ስምና ዕድሜያቸውን አንድ በአንድ መዘገብኩ።

አዴ ዙቤይዳ ዕድሜያቸውን የነገሩኝ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አርባ አምስት በይ።" የበኩር ልጃቸው ሱፊያን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አርባ አምስት ብዬ ጻፍኩ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ዛሬ ለአዴ ዙቤይዳ ስለ ፓርቲዬ ነገርኳቸው። ልብስ እያጠቡ ነበር።

"ሁለት ወንበር?" አሉ። "ለሁለት ወንበር ነው እንዲህ እንቅልፍ የምታጪው?"

"ቁጥሩ አይደለም ቁም ነገሩ።"

"ለኛ ግን ቁጥሩ ነው መሌ። ዘጠኝ ከሆንን የለንም።" ልብሱን እያሹ ጠየቁኝ። "ሲሸነፉ ምን አደረጓቸው?"

ራሴ ቆፍሬ ያገኘሁት ነገር ስለሆነ በኩራት አስረዳሁ። ድል ያደረጉት ሰዎች ከየፓርቲውና ከየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የአባላት መዝገብ እያሰባሰቡ በጭነት ወሰዱ፣ ከመዝገቡ እያወጡ በያንዳንዱ ሰው ስም ካርድ ሠሩ፣ በካርዱም እየፈለጉ አሰሩ። ዛሬ ያ ሁሉ ወረቀት ቤተ መዛግብት ሆኗል፤ ለታሪክ ሰው ትልቅ ሀብት ነው አልኳቸው።

"መዝገቡን ማን ጻፈው?"

"ራሳቸው አባላቱ ናቸዋ።"

"ራሳቸው!" አሉና ጨርቁን ጨምቀው አሰጡት። እኔ ደግሞ ይህች ጥያቄ ለመግቢያዬ ጥሩ ትሆናለች ብዬ ሮጬ ገብቼ ጻፍኳት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

በችኮላ። መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀን። አማካሪዬ ረቂቁን ነገ ከሰዓት በፊት ይላሉ፣ ቅዳሜ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የጽሕፈትና የህትመት ሱቆች ሁሉ ዝግ። ሣህሉ ደወለ፤ ጄነሬተር አለን፣ ፍላሹን አምጪው አለ።

ሣህሉ ድሮ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። አሁን የዚያው የነአዴ ዙቤይዳ መጋዘን ጸሐፊ ነው። እሱ ግን የሚቀመጠው ፎቅ ላይ ነው፣ ከለቃሚዎቹ ጋር አይገናኝም። ደግሞ ሣህሉ ሣህሉ ነው።

ጸጉሬን ተሠራሁ። ሊሠራ ስለሚገባው ነው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ረመዳን ከገባ ሁለተኛ ቀን። የእኔም ዐቢይ ጾም ከተያዘ ሳምንት ሆነው። ግቢው ውስጥ ቀን የሚበላ የለም፣ ድመቷ ብቻ ታማርራለች።

ረቂቁ ደርሷል። አማካሪዬ ከአዲስ አበባ ደውለው አመሰገኑኝ፤ በተለይ አባሪውን፣ የስም ዝርዝሩን። "ዝርዝርሽ ሥርዓት ያለው ነው" አሉ።

ሣህሉን አባሪውን እንዳታትመው ብዬው ነበር መሰለኝ፤ እሱን ራሴ በእጄ ገልብጬ ልሰጣቸው ነበር ያሰብኩት። አዎ፣ ብዬዋለሁ። ደረጃው ላይ። ወይም ልለው ስል ስለ ጸጉሬ የሆነ ነገር አለኝ። ለማንኛውም ደርሷል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ሣህሉ አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

አዴ ዙቤይዳ ጾመው፣ ስምንት ሰዓት አቧራ ውስጥ ተቀምጠው፣ ተመልሰው ደግሞ ማፍጠሪያ ይሠራሉ። "አልደከሙም?" ስላቸው "ዒድ እስኪደርስ ነው፣ ከዒድ በኋላ እናያለን" ይላሉ። ከዒድ በኋላ የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ ነው የሚያጣጥሟት።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ካቦው ያውቃል። ሽበሺ፣ የለቃሚዎቹ አለቃ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሰማንያውን ሁሉ አቁሞ የአሥሩን ስም ጠርቷል። ከወረቀት ላይ። እንጀራዋን የምትፈልግ እስከ ሳምንት መጋዘኑ ቢሮ መጥታ "ማኅበር አልፈልግም" ብላ ትፈርም ብሏል።

ክፍል አለብኝ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ ከኢፍጣር በኋላ ስድስቱ መጡ። ማን አወራ ነው ጥያቄው። እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ባሏን ጠረጠረች፤ ሌላዋ አፊፋን፣ ልጅ ስለሆነች። አፊፋ አለቀሰች። "ወላሂ ለእናቴ እንኳን አልተናገርኩም! ለምን እኔን ትሉኛላችሁ?"

እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ነበር።

አዴ ዙቤይዳ ስለ ስም ጥሪው ሲያወሩ ወደ እኔ አላዩም። አጠገባቸው ወዳለው ባልዲ ነው ያዩት። "ሰውዬው ዕድሜያችንን ሳይቀር ነው የያዘው። ዙቤይዳ፣ አርባ አምስት ዓመት፣ አለ። በፍርሃታችን መሐል ሰዉ ሁሉ ሳቀ።" ሴቶቹ አሁንም ትንሽ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ "ማን ነግሮት ይሆን?" ብዬ ጠየቅኩ።

ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ጽፌ ሳየው የሌላ ሰው አፍ ይመስላል።

ምናልባት ከሌላ ቦታ አግኝቶት ይሆናል። የመጋዘኑ የራሱ መዝገብ ይኖራል።

የለም። የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሣህሉን ጅሬን ኮረብታ ላይ አገኘሁት፣ ከቤተ መንግሥቱ በታች ባለው መንገድ ላይ። ቀጠሮውን እሱ ነው ሩቅ ያደረገው።

"አባሪውን አትመኸዋል?"

"ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ አተምኩ። አትመው አላልሽም፣ አታትመው አላልሽም።"

"ብዬህ ነበር።"

"የኔነሽ፣ አላልሽኝም።" ድምፁ ንዴት የለውም፣ ለዚህም ነው ያመንኩት። "ፕሪንተሩ የጋራ ነው። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ወጣ። ሽበሺ የራሱን ወረቀት ሊወስድ መጥቶ አነሳው። እኔ ሳውቅ አልፎ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ ለነሱ ነገርሻቸው?"

እስከ መንደራ ቆጪ በእግሬ ተመለስኩ። ባጃጆች እየቆሙ ሲጠይቁኝ እጄን አወዛውዛለሁ። ሦስተኛው ምዕራፌ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ስለዚያ የስፔን መዝገብ ጽፌያለሁ፣ የግርጌ ማስታወሻ ሁሉ አለው። አንብቤው፣ ጽፌው፣ ተመስግኜበት፣ ከዚያ ራሴ አሥር ስም በተራ ቁጥር ደርድሬ ለመጋዘኑ ፕሪንተር አስረከብኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ ተማሪ ክፍሌ ውስጥ ቢኖር እቀጣው ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ የማንኛዋንም ሴት ስም አልጽፍም። ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም አልጽፍም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

አምስቱ ፈርመዋል። አልፈርድባቸውም።

የሊሙዋ ልጅ ግን አልፈረመችም። ልብሷን ጠቅልላ አገሯ ገባች። ጓደኞቿ አሁንም እሷ ናት ያወራችው ይላሉ፤ ባታወራ ለምን ትሸሻለች ይላሉ። አከራዬ ይህን ሲሰሙ "ተዉ፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት" አሉ። እንዴት እንዳወቁ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኩም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት ታምሜያለሁ ብዬ ሊሙ ገነት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምል ስለማመድ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ያወራል፤ ቡናው ሊያብብ ነው፣ ዝናቡ ቢዘገይስ፣ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እጨነቅ ነበር።

ልጅቷን ጓሮ አገኘኋት። እናቷ ጾም ላይ ሆነው ለእኔ ምግብ ካልሠራሁ ብለው ተቸገሩ፣ እኔም እጾማለሁ ብዬ ገላገልኳቸው።

"ቲቸር፣ እነሱ እኔን ነው የሚሉት አይደል?"

"አንዳንዶቹ።"

"አንቺስ?"

"እኔ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ።"

ፊቷ በራ። "እውነት? ወላሂ፣ አንድ ሰው እንኳን ካመነኝ ይበቃኛል።" እጄን ያዘች። እዚያ ጋ ነበር መናገር ያለብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ስለ ሚኒባስ ሰዓት ጠየቅኳት። እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ፣ ቦርሳዬን ተሸክማ።

ጅማ እስክደርስ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ለቅሶ የምሄድ መስሏቸው "አላህ ያጥናሽ" አሉኝ።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ዒድ

ጠዋት አከራዬ በሬን አንኳኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። በእጃቸው ሁለት ሳህን አለ። አንደኛው ለጎረቤት የሚሄድ ሥጋ ነው። ሁለተኛው ምስር፣ በዘይት የተሠራ። "ያንቺ ጾም ነው ብዬ ለብቻ ሠራሁልሽ። ጭልፋውም ሌላ ነው፣ አይዞሽ።"

በዒዳቸው ቀን፣ በእንግዳ መሐል፣ ለእኔ ለብቻ ድስት ጥደዋል። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"አዴ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ወረቀቱ የኔ ነው። ከእኔ ነው የወጣው።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካቦው አርባ አምስት ካለ ጀምሮ። እሱን ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት።" አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ከሃምሳ ያለፈችውን ዐይኗ ደክሟል ብለው ነው የሚያስወጧት። ወረቀት አላምንም። አንድ ቀን ያ ወረቀት ቢወጣ እንኳ አርባ አምስት ይበል ብዬ ነው። አንቺን ግን አምኜሽ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"እስክትነግሪኝ ነዋ። ረመዳንን ሙሉ ጠበቅኩሽ፣ ኢንታሎ፣ ልጄ። በየቀኑ ዛሬ ትመጣለች እላለሁ። አትመጪም።"

ይቅርታ አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ፤ አዲስ ቀሚሳቸው እንዳይጨማደድ ይሁን ለእኔ አዝነው አላውቅም። "እኔን አይደለም። ይቅርታ ያችን ልጅ ጠይቂ፤ በሰው ያስጠላሻት እሷን ነው። ለሁሉም ራስሽ ትነግሪያለሽ። እኔ አልነግርልሽም።"

ለሊሙዋ ልጅ ወዲያው ደወልኩ። ጨርሼ ነገርኳት። "ቦርሳሽን ተሸክሜ ነበር እኮ" አለችና ዘጋችው።

ምስሩ ጨው በልኩ ነበር። በላሁት።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው። ግቢው ውስጥ፣ ቆሜ። ከፈረሙት አንዷ ተነስታ ሄደች፤ የምትመለስም አይመስለኝም። ባሏን የጠረጠረችው ሴት "ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰውዬውን አኮረፍኩት!" ብላ ጮኸችብኝ። ሌላዋ "አንቺ ደመወዝሽን ትበያለሽ፣ እኛ ነን የምንባረር" አለች። እውነቷን ነው።

ያልጠበቅኩት ከዚያ በኋላ መጣ። በሩ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር። "ማኅበሩ እዚህ ነው?" አሉ። ከሰማንያዎቹ ናቸው። "ካቦው ስማችሁን ባይጠራ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር።" ከፈረሙት አምስቱ መሐል ደግሞ ሦስቱ ተያዩ። "ስማችን እንደሆነ አንዴ ወጥቷል። ከእንግዲህ ምኑን እንደብቀዋለን?" አለች አንዷ።

ልቤ ቀለል ሲለው አከራዬ አዩኝ። "አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው እንዳትይ ብቻ" አሉ። አልልም።

ጠዋት አማካሪዬ ጋ ሄጄ ረቂቁን አስመልሼ ነበር። ያለ ዝርዝሩ ምዕራፉ እንደማያልፍ፣ ዘንድሮም እንደማልመረቅ ነገሩኝ። ይሁን አልኩ። "ለሁለት ወንበር ፓርቲ ያን ያህል ደክመሽ?" አሉ በሐዘን። ፓርቲው ይቆየኛል፤ ዘጠና ዓመት ጠብቋል።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ነገ ጠዋት ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይሄዳሉ። ማመልከቻውን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እኔን! ጽሕፈትሽ ያምራል ነው ምክንያታቸው። የጻፍኩት ግን ጽሑፉን ብቻ ነው። ከሥሩ አሥር መስመር በማስመሪያ አሰመርኩና ብዕሩን አስረከብኳቸው፣ ስሙን እያንዳንዷ በገዛ እጇ እንድታሰፍር።

አከራዬ ቀድመው ተቀመጡ። መጻፍ ይችላሉ፣ ቀስ ብለው ነው እንጂ። ስማቸውን ጽፈው ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ ቆሙ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"እስቲ አንቺም ያንን ደብተርሽን አምጪ። ያንቺም ስህተት ነው ያለው።"

አመጣሁት። የየካቲት ዘጠኝን ገጽ አወጣሁ።

"ጻፊ። ዙቤይዳ። ሃምሳ ስምንት።"

"አዴ፣ ያስወጡዎታል።"

"ካስወጡኝ በእውነተኛው ዕድሜዬ ያስወጡኝ። ጻፊ አልኩሽ።"

አርባ አምስትን ሰርዤ ሃምሳ ስምንት ጻፍኩ። እሳቸውም ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ስምንት ብለው ጻፉ፣ ቁጥሩን ደጋግመው አደመቁት። ሴቶቹ በዚህኛው አልሳቁም።

ከዚያ በተራ፣ አንድ በአንድ። ዘጠኝ ላይ ቆመ። ብዕሩ የሚወስደው ሰው አጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በዘጠኝ እንደሌሉ ሁላቸውም ያውቃሉ።

ስልኬ ጮኸ። ሊሙ ገነት።

"አዴ ደውለውልኝ ነበር" አለች። "ስንት ሞላ?"

"ዘጠኝ።" "ከፈቀድሽ ያንቺን ስም..."

"እንዳትጽፊው!" አለች። "ስሜን አንቺ እንዳትጽፊው፣ ገባሽ? በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። እኔ ነኝ የምጽፈው።"

ወረቀቱን አላጠፍኩትም። አሥረኛው መስመር ባዶውን ነው፣ ብዕሩን አጠገቡ አስቀምጬዋለሁ።